ይጠብቃል

አንኩድ ላይ ዝናብ ነው። ቺሎዌ ደሴት
ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፣ ግድግዳው እንጨት።
በጀልባ ተሻግሬ፣ ጫማዬ ርሶ
ጣቢያው ደጅ ስደርስ፣ ሰዉ የመጣ ለለቅሶ
ይመስል አገጩን በእጁ ደግፎ ነበረ።
«ማሽኑ» አለች ሮሳልባ፣ «ከማክሰኞ ወዲህ ጠባዩ ተቀየረ።

«የማዕበሉን ቁመት፣ የባሕሩን ልክ
ሲያሰፍር የኖረ፣ ያ የማይደክም ዲስክ
እንደ ጎርፍ ይወርድ ነበር፤ ዛሬ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ፤
እንደ ዳቦ ቤት ሰልፍ ወረፋው ከኋላው ሲደረብ።»

ገመዱን ነካካሁ፤ አልላላም፣ ደህና።
ቦታውን አየሁ፤ ግማሹም አልሞላም ገና።
ሙቀቱ የጤና ነው። ባትሪው አልሞተም።
(አምና ፖርቶ ሞንት ውስጥ፣ አንድ ሆስፒታል
ሁለት ቀን የለፋሁት ለሞተ ባትሪ ነበር፤
አሁን እሱን ሳላይ ወንበር ላይ አልቀመጥም።)
አንጎሉስ? ከመቶ ሦስት እጅ እንኳ አልሠራ፤ እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል።
የቀረው ጊዜ ላይ አንድ ቃል ብቻ ተጽፏል፦
ይጠብቃል።
ይጠብቃል።
ይጠብቃል።

ማንን?

ይህ የፋይል ሥርዓት ጥንቁቅ ነው፣ የመሐላ ሰው፤
እጁን ሳይዘረጋ አሳቡን ነው የሚያስቀድመው፦
«ይህን ልጽፍ ነው፣ እዚህ ቦታ» ይላል ጆርናሉ ላይ፤
ማኅተም ያሳርፋል፤ ከዚያ ነው ሥራው። ቃል ከሚጠፋ ሥራ ይዘግይ ባይ።
መሀል መንገድ ላይ መብራት ቢጠፋበት፣
ሲነቃ የሚያነበው እሱኑ ነው፤
ማኅተም ያረፈበትን ይፈጽማል፣
ያላረፈበትን እንዳልታሰበ ይተወዋል፣ ሳይቆጭበት።

ግን አንድ ሰው መጥቶ «አሁኑኑ አትምልኝ» ካለ፣
ሌላው ጸሐፊ ሁሉ ብዕሩን አንስቶ ይቆማል፣ እየዋለለ።

ጥሪዎቹን በስማቸው፣ በሰዓታቸው የሚቆጥር ወጥመድ ዘረጋሁ።
ሩብ ሰዓት አልፈጀም። አንዲት ፕሮግራም ያዝኩ፤
አሥራ ዘጠኝ መስመር ናት፣ አርጅታለች፤
አንድ ቁጥር በጻፈች ቁጥር
«ውረድ፣ እረፍ፣ ማረፍህን ንገረኝ» ትላለች።
ድሮ በደቂቃ አንዴ ነበር፤ ማንም አልሰማትም።
«ማክሰኞ» አለች ሮሳልባ፣ በሩ ላይ ቆማ፣
«አዲሱን መለኪያ ገጠምን፤ በሴኮንድ መቶ ጊዜ ያነባል።»
በሴኮንድ መቶ ማኅተም!
ዲስክ ቀርቶ ዓለት ይደክማል።

ጣቴ ማጥፊያው ላይ ነበር። ከመስመሯ በላይ ማስታወሻ አየሁ፦
«እባክህ ይህን አታንሳ። አሥራ አንድ ደቂቃ።
ኤሌውቴሪዮ ሳልዲቪያ።»

ሮሳልባ ነገረችኝ፣ ዐይኗን መስኮቱ ላይ ተክላ።
ባሕሩ በተነሳ ሌሊት፣ መብራት ሲሄድ፣
የአሥራ አንድ ደቂቃ ልክ ማሽኑ ራስ ውስጥ ነበር እንጂ
አልተጻፈም።
ወንድሙ ኖልቤርቶ ወደቡ ላይ ጀልባ ያስር ነበር።
ውሃው መቼ ደረሰ? ቢሮጥ ያመልጥ ነበር?
መዝገቡ እዚያ ጋ ባዶ ነው።
እስከ ዛሬ ባዶ ነው።

ደወልኩለት። መረብ እየጠገነ ነበር።
«መቶውን ሰብስቤ በአንድ ማኅተም ላሳርፈው» አልኩት፣ «በሴኮንድ አንዴ።»
«ስንት ይጠፋል?»
«ቢበዛ አንድ ሴኮንድ።»
ዝም አለ። በሱም ጣሪያ፣ በኔም ጣሪያ ዝናቡ ይወርዳል።
«በአንድ ሴኮንድ» አለ፣ «ሰው ዘወር ብሎ ያያል።»
ቆይቶም፦ «እሺ። አድርጊው።»

አደረግሁት። ቁጥሩ ተነሳ፣ ወረፋው ተበተነ፣
ሰዉም ወደየጠረጴዛው።
ማስታወሻውን አልነካሁትም፤ ከሥሩ ስሜንና ቀኑን ጻፍኩ።
ጀልባው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይነሳል። ጫማዬ ገና አልደረቀም።

ስወጣ ትንሿን አረንጓዴ መብራት አየኋት፤
ትሮጣለች፣ ትሮጣለች፣
በየሴኮንዱ ጫፍ ግን፣ ላልለመደ ዐይን በማይታይ ልክ፣
ቀጥ ትላለች።
«አሁንስ ምን ሆነ?» አለች ሮሳልባ።
«ምንም» አልኳት።
«ይጠብቃል።»